«አንተ» ያለ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል

ሰኞ፣ 3

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ የዘንድሮውን የክርክር ውድድር «ባንተ ትከሻ ላይ ጥለነዋል» አለኝ። ጥለነዋል። ቃሉን መርጦ የተናገረው አይመስለኝም፤ እሱ ቃል መርጦ አያውቅም። ግን ልኩን ነው የተናገረው።

አምና ያዘጋጀው የስፖርት መምህሩ ነበር። አልረሳሁትም። አንዱ ዳኛ ስልኩን እየነካካ ነጥብ ሲሰጥ፣ አንዱ ልጅ የሚያስቆመው አጥቶ ያለውን ሁሉ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ሲጀምር፣ መድረኩ ላይ «አንተ ደደብ!» «አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» ሲባባሉ። የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ የተነሣ ጠብ እንጂ ክርክር አይመስልም። ለዚያም ዋንጫ ተሰጠ፣ ፎቶም ተነሡ።

ስድስት ትምህርት ቤቶች ይሳተፋሉ። ደረጃው ሁለት ነው፤ ጀማሪና መካከለኛ። ቀኑ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ቦታው የእኛ አዳራሽ። «እቀበላለሁ፤ ደንቡን ግን ብቻዬን ነው የማወጣው» አልኩት።

«እንዳሻህ» አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

እንዳሻህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያያታል።


ረቡዕ፣ 5

ደንቡን ጨረስኩ። ቁጥር ሦስትና ቁጥር ሰባት ላይ ብዙ ለፋሁ።

ቁጥር ሦስት፦ ከተሰብሳቢ ፊት ቆሞ ለቀረበለት ጥያቄ መልስ የሰጠ ተማሪ ጀማሪ አይባልም። በየዓመቱ መድረክ የለመደ ጮሌ በጀማሪ ስም ይመጣና ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ላይ ይፎልላል። ዘንድሮ የለም።

ቁጥር ሰባት፦ ተከራካሪዎች እርስ በርስ «እርስዎ» ይባባላሉ። «አንተ» ወይም «አንቺ» ያለ፣ ባለ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ቅነሳውን የሚይዘው አዘጋጁ ነው። ለዳኞች አልተውኩትም፤ ዳኞች ይራራሉ።

ልጄ ሻይ ስታመጣልኝ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «አባዬ፣ አንተ ግን የምርህን ነው? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የክፍሉን ልጅ ‹እርስዎ› ሊለው?»

«መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ይለምደዋል» አልኳት።

«እሱማ አንተም አልለመድከው» ብላ እየሳቀች ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ለሁሉም ሰው ተገቢውን አክብሮት የምሰጥ ሰው ነኝ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። አማቴ ወድቀው ወገባቸውን ታመዋል፤ ባለቤቴ ልታስታምማቸው ከሄደች ሰነበተች። ለሥራ ጸጥታ ጥሩ ነው።


ሐሙስ፣ 6

የመምህራን ስብሰባ ላይ ደንቡን አነበብኩ። ቁጥር ሰባት ላይ ስደርስ የስፖርት መምህሩ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ልጆቹ የሚወዳደሩት ለክርክር ነው ለአምባሳደርነት?»

ሳቁ። ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ከዚያ አስረዳኋቸው። «እርስዎ» ያለ አፍ ቀጥሎ ስድብ ማውጣት አይችልም፤ ምላስ ራሷ እምቢ ትላለች። «ሞክሩት» አልኩ። «‹እርስዎ ደደብ ነዎት› ለማለት ሞክሩ። አፋችሁ አይታዘዝላችሁም።»

«እርስዎ ደደብ ነዎት» አለ የስፖርት መምህሩ። ወዲያው። ምንም ሳይደነቃቀፍ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ክፍሉ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ እንኳ አፉን በመሐረብ ያዘ። ደንቡ ግን አንድ ቃል ሳይነካ ጸድቋል፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረማ። የሚስቁ ሰዎች ሐሳብ የላቸውም።


እሁድ፣ 9

ልጄ ማዕድ ቤት ሆና ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ለመስማት ብዬ አልቆምኩም፤ ውሃ ልቀዳ ነው የሄድኩት።

«ክርክሩ ይለቅ እማዬ። እስከዚያ እዚሁ ልሁን። ከዚያ እነግርሻለሁ።» የእናቷን መልስ ሰምታ ደግሞ፣ «አይ፣ ገና አልወሰንኩም። ብቻውን ነው እኮ» አለች።

ውሃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

እናቲቱ ልትወስዳት ነው። የአማቴ ወገብ ሁለት አስታማሚ የሚያስፈልገው ሆነ ማለት ነው። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ይዤ ላስቀራት አልችልም፣ ለምኜም አላስቀራትም።

ይሁን። ክርክሩ እስኪያልቅ አለች አይደል? አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብንውልም እኔ የማስተምረው ክፍል ገብታ አታውቅም። ሥራዬን ስሠራ አይታኝ አታውቅም። አባቷን የምታውቀው «ይህ ጫማ እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል ነው። እስቲ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥርዓት ሲካሄድ ትየው፤ ማንም ሳያጭበረብር፣ ማንም ሳይበደል። ያን አይታ ጓዟን ትሸክፋለች ብዬ አላምንም።

ስለዚህ አንድ ስሕተት አይኖርም። አንድም።


ማክሰኞ፣ 11

የስፖርት መምህሩ የምዝገባውን ሥራ እንዲያግዘኝ ተመድቦልኛል (ማን እንደመደበው አውቃለሁ)። ዛሬ በኮሪደር ላይ ጮክ ብሎ፣ «ልጅህ ከጓደኛዋ ጋር ጀማሪ ላይ ተመዝግባለች፤ ደስ አይልም?» አለኝ።

ጓደኛዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ዝምተኛዋ» ይላታል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አይለያዩም። ዝምተኛዋ ልትከራከር! የምትናገረው ልጄ አጠገቧ ካለች ብቻ ነው።

ግን ልጄ ጀማሪ አይደለችም። አምና በወላጆች ቀን ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ንግግር አድርጋ ከተሰብሳቢው ጥያቄ ቀርቦላታል። ቁጥር ሦስት ግልጽ ነው። ወደ መካከለኛ አዛወርኳት፤ አጣማሪ ያጣ ፊቱ በብጉር የተሞላ ልጅ ነበር፣ ከእሱ ጋር አጣመርኳት። ዝምተኛዋን ከሌላ ክፍል ልጅ ጋር።

ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ እንዴት ሳትጠይቀኝ ታዛውረኛለህ?»

«ቁጥር ሦስትን አንብቢው።»

«አንብቤዋለሁ! ያ ክርክር አልነበረም፣ ወረቀት ነው ያነበብኩት!»

«ጥያቄ ተጠይቀሻል አልተጠየቅሽም?»

«ሁለት ሰው ነው የጠየቀኝ! አንደኛው አንተ ነህ!»

«ጠያቂው ማን ይሁን ማን ደንቡ አይለይም» አልኳት። ልክ ነኝ። ደንቡ አይለይም።

«እሷ ያለ እኔ አትናገርም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለእሷ ብዬ ነው የተመዘገብኩት።»

«ጥሩ። ያለ አንቺ መናገር ትማራለች።»

«እሺ» ብላ ክፍሏ ገባች።

ከራሴ ልጅ ጀምሬያለሁ። አሁን አፉን የሚከፍት ማን እንደሆነ አያለሁ።


ሐሙስ፣ 13

ጠዋት። «ቁርስ ይበላሉ?»

ዞሬ አየሁ፤ እንግዳ የመጣ መስሎኝ። «ማን?»

«እርስዎ።»

ልምምድ ይዛለች! ከስድስቱ ትምህርት ቤቶች ተወዳዳሪዎች ሁሉ ቀድማ ደንቡን በተግባር የጀመረችው የእኔ ልጅ ናት። እንቁላሉ፣ ሳላጋንን፣ ከወትሮው በላይ ጣፈጠኝ።


ሰኞ፣ 17

አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። «መጡ?» «ሸሚዝዎን አጥቤዋለሁ።» «መብራቱን ላጥፋልዎት?» ግሶቿ ንጹሕ ናቸው። እኔ የማስተምራቸው የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳይሄዱ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ይንሸራተታሉ።

አንድ ነገር ብቻ አረምኳት። ቅዳሜ «አባዬ፣ ሻይ ይፈልጋሉ?» አለች። «‹አባዬ› እና ‹ይፈልጋሉ› አብረው አይሄዱም፤ ወይ አንዱን ወይ ሌላውን» አልኳት። አሰበችበት። «ልክ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ «አባዬ» ማለቱን ትታዋለች። ፈጥና ትማራለች።


ረቡዕ፣ 19

ጥድፊያ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል። ማይኩ ይጮኻል። ሦስተኛ ዳኛ እንዲሆን የጠየቅኩት ጠበቃ ደንቡን ካነበበ በኋላ «ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ» አለ። ለቅሶ በቀጠሮ!

የአንደኛው ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሁሉም «ከረባት» ይለዋል፤ በሙቀትም በብርድም አይፈታትም። «ወንድሜ፣ ደንብህን አጥብቀኸዋል፤ ልጆች ናቸው እኮ» ይላል በዚያ በሚያዳልጥ ድምፁ። እኔ ወንድሙ አይደለሁም።

በኮሪደሩ ሳልፍ አንድ ልጅ ለሌላው፣ «ቅነሳ መጣ! ቅነሳ!» ብሎ ሲሮጥ ሰማሁ። ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

የስፖርት መምህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እስካሁን አልሰማህም? ሁለተኛ ዓመቱ ነው እኮ! ጋሽ ቅነሳ! ምነው፣ ደስ ይበልህ፤ ለእኔ እስካሁን ስም አላወጡልኝም።»

ሁለተኛ ዓመቱ። ስለዚህ ከዚህ ደንብ ጋር የተያያዘ አይደለም። ልጄም ታውቀዋለች ማለት ነው።


ቅዳሜ፣ 22

ከስፖርት መምህሩ ጋር የአዳራሹን ወንበር ስንደረድር ዋልን። እሱ ወንበር አይደረድርም፣ ወንበር ይወረውራል። መሀል ላይ፣ «ትናንት አማትህን አየኋቸው» አለኝ። «ሁለት ዘንቢል አንጠልጥለው ደረጃውን ሽቅብ! ጠርቻቸው አልሰሙኝም፤ ሮጬ ልደርስባቸው አልቻልኩም፣ እኔ የስፖርት መምህሩ! ወገባቸው ዳነ አይደል?»

«ሰው ታሞ ይድናል» አልኩት።

«ታዲያ ባለቤትህ...» ብሎ ጀመረና ተወው። መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ። ሐዘን ላይ ያለሁ ይመስል። እጁን አነሣሁለትና «ያ መስመር ጠምሟል፣ አስተካክለው» አልኩት።

ባለቤቴ የሄደች ዕለት ያለችው ነገር ዛሬ ለምን እንደመጣብኝ አላውቅም። «በቤቴ ውስጥ ፈተና እየተፈተንኩ መኖር ደከመኝ» ነበር ያለችው። የተጋነነ አነጋገር ነው። ማን ፈተናት? ጨው የበዛበትን ጨው በዛበት ማለት ፈተና ከሆነ፣ እንግዲህ ምላስ ያለው ሁሉ ፈታኝ ነው።


ማክሰኞ፣ 25

ከትምህርት በኋላ ተወዳዳሪዎቻችን በየክፍሉ ይለማመዳሉ። እየዞርኩ ሰማሁ። ልጄ ያለችበት ክፍል ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ትችላለች። የሌላውን ሐሳብ መጀመሪያ በትክክል ትደግመዋለች፣ ከዚያ ነው የምታፈርሰው። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ወይም ያስተማራት ሰው አለ፣ እሷ አላስተዋለችም።

ብቅ ብዬ «ጎበዝ» ልላት እጄን በሩ ላይ ሳደርግ ዕረፍት ሆነ። ዝምተኛዋ ገብታ ነበር። ልጄ፣ «እኔ ጠዋት ስነሣ መቶ ነጥብ ይዤ ነው የምነሣው፤ ቁርስ ላይ ሰባ እሆናለሁ፣ ለእራት ምንም አይተርፈኝም» ስትላት ዝምተኛዋ ከት ብላ ሳቀች። ያቺ ልጅ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ስለምን ጨዋታ እንደሚያወሩ አልገባኝም። ሳልገባ ሄድኩ። «ጎበዝ» የሚባለው ውጤት ሲታወቅ ነው።


ሐሙስ፣ 27

ያዝኩት! ከረባት ጀማሪ ብሎ የላካት አንዲት ልጅ አለች፤ ባለ ረጅም ሹሩባ፣ አሥራ አራት ዓመቷ። ምዝገባ ቅጹ ላይ ፎቶዋን ሳይ አወቅኳት። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ሳለች መድረክ ላይ ስትከራከር በዓይኔ አይቻታለሁ።

ደወልኩለት። «የትኛዋ? እሷ? ማይክ ጨብጣ አታውቅም ወንድሜ» አለኝ። ሳያፍር።

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። «እባክህ ተወው። አንዲት ልጅ ናት። ጠብ አታምጣብኝ» አለ።

እሺ። ዝም እላለሁ። እስከ ቅዳሜ። ውሸቱን የተናገረው በስልክ ነው፤ የሚዋረደው ግን ሰው ፊት ይሆናል።


አርብ፣ 28

ሸሚዝ ተተኩሷል። ደወሉ ጠረጴዛው ላይ። ሁሉም ዝግጁ።

ልጄ ልትተኛ ስትል፣ ነገ በደንብ አስተውዪ፣ ነገ አባትሽ ምን እንደሚሠራ እዪ ልላት ነበር። «ነገ ሰዓት አክብሪ» አልኳት።

«አከብራለሁ። ደህና ይደሩ።»


ቅዳሜ፣ 29

ቁጭ ብዬ ሁሉንም በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ጠዋቱ እንደ ሰዓት ሄደ። ማንም ከተመደበለት ጊዜ በላይ አልተናገረም። እኔ በመድረኩ ጥግ፣ ደወሉ ፊቴ፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» በተባለ ቁጥር አመልካች ጣቴን አነሣለሁ፤ ተናጋሪው እንዲያውቀው። መጀመሪያ ላይ ጣቴ ዕረፍት አልነበረውም። ከረፋዱ በኋላ ልጆቹ ወደ ጥጉ እያዩ ቃላቸውን ይውጡት ጀመር። አንድ ወፈር ያለ ልጅ፣ «እርስዎ... እርስዎ በጣም... እርስዎ አይገባዎትም!» ብሎ ላቡን ጠረገ። አዳራሹ ሳቀ፤ ግን ስድብ አልነበረም። አምና ቢሆን በቦክስ ነው የሚያልቀው። ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አይታለች።

ዝምተኛዋ ተራዋ ሲደርስ ማይኩን ይዛ ቆመች። ጊዜዋ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልወጣትም። ደወሉን ደወልኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረም። ወርዳ በኋለኛው በር ወጣች። ልጄ ተከተለቻት።

ከዚያ ከረባት ያሰለፋት ባለ ሹሩባዋ ልጅ ወጣች። ንግግሯን አጋምሳ ሳለች ደወልኩ። ተነሣሁ። ደንቡን ራሴ አክብሬ፣ በጨዋነት ነው የተናገርኩት። «እርስዎ ጀማሪ አይደሉም» አልኳት። «ከሁለት ዓመት በፊት መድረክ ላይ ተከራክረዋል። እባክዎን ይውረዱ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ማንን እንደማናግር አልገባትም፤ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከዚያ፣ «እሱ ነው ግቢ ያለኝ... እኔ እኮ ነግሬው ነበር...» አለች፣ ወደ ከረባት እያሳየች። ማይኩ እንደተከፈተ ነበር። ለቅሶዋ በድምፅ ማጉያው ወጣ። ይህን አላሰብኩበትም። የስፖርት መምህሩ ሮጦ መጥቶ አጠፋው።

ከረባት ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኸብኝ። «ሰውዬ! ለሕፃን እንዲህ ይባላል? እኔን ፈልገህ እሷን ትመታለህ?» አልኩት፣ «ያስገባሃት አንተ፣ ያሰለፍካት አንተ።» ያኔ የማይመለከተውን የቤት ነገር አንሥቶ ተናገረ። እዚህ አልጽፈውም። አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ልጄ ከውጭ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባለ ሹሩባዋን እጇን ይዛ አወጣቻት። ከዝምተኛዋ ጋር ሦስቱም የውሃው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠው በመስኮት አየኋቸው።

ልክ ነበርኩ። ልጅቷ ራሷ አምናለች። ዳይሬክተሩም ልክ አልነበርክም አላለኝም፤ ምንም አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ ልጄና አጣማሪዋ ሁሉንም አሸንፈው መካከለኛው ፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው የከረባት ትምህርት ቤት ነው። ርዕሱ «የደንብ ልብስ ሊቀር ይገባል» የሚል፤ ልጄ ተቃዋሚ። መክፈቻዋን ስትናገር ዳኞቹ መጻፍ አቁመው ያዩአት ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ነጥብ አልተቀነሰባትም።

የመልስ ተራዋ ሲደርስ ማይኩን አነሣችና ወደ ተጋጣሚዋ ልጅ ሙሉ በሙሉ ዞረች። «አንቺ ያልሽውን ሰምቻለሁ» አለች።

ጣቴን አነሣሁ። ተሳሳተች መስሎኝ።

«አንቺ ልክ የሆንሽበት ነገር አለ።» አነሣሁ። «እኔ ደግሞ አንቺን ሳይሽ...» አነሣሁ። ስትናገር ተጋጣሚዋን ታያለች፤ ስትጨርስ ወደ ጥጉ፣ ወደ እኔ። አልተሳሳተችም። አጣማሪዋ ብጉራሙ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይስቃል፤ ተመካክረውበታል። አዳራሹ ገባው። ጣቴ በተነሣ ቁጥር «አራት! አምስት!» ማለት ጀመሩ፣ ኳስ ሜዳ ይመስል። ተጋጣሚዋ ልጅ ራሷ ፈገግ አለች። ልጄ ግን አልሳቀችም። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ «አንቺ» ስትል እቤት ድሮ... ድሮ የምትናገርበት ድምፅ።

ሁሉንም ቀነስኩ። አንድም አልዘለልኩም። በዳኞቹ ነጥብ በሰፊው አሸንፋ ነበር፤ በቅነሳው ተሸነፈች። ውጤቱን ራሴ አነበብኩ። ዋንጫውን ለከረባት ራሴ ሰጠሁት።

ለገዛ ልጄ እንኳ አላደላሁም። ከእንግዲህ ማን ምን ይለኛል?

የስፖርት መምህሩ ወንበር ሲሰበስብ፣ «ከረባት ስለ ባለቤትህ የተናገረውን ከቁም ነገር አትቁጠረው» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ልጅህ ግን እስከ መጨረሻዋ ታይህ ነበር። አንዷን ‹አንቺ› እንኳ ባትሰማት ምን ነበር?» አለ።

«ሰምቻታለሁ» አልኩት። «ስለሰማሁ ነው የቀነስኩት።»

ራሱን ነቅንቆ ወንበሩን ተሸክሞ ሄደ። ዘንድሮ ወንበር አልወረወረም።


እሁድ፣ 30

ጠዋት ሻንጣዋን ኮሪደሩ ላይ አየሁት። እናቷ ውጭ መኪና ውስጥ ናት፤ አልወረደችም። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ጃኬቷን ለብሳ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ለምንድን ነው የቀነስክብኝ?»

ቀነስክብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ። አፏን ሞልታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፤ እንደ ልጅነቷ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ሄዶ። መልስ ነበረኝ። ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል «ልጄ» የሚል ነበር።

እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲነሣ የዋለ ጣት ነው። ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም፤ በማምንበት ሁሉ እምላለሁ፣ እኔ አላነሣሁትም።

ጣቴን አየችው። እኔም አየሁት።

«ይቅርታ» አለች። ፊቷን አስተካከለች። «ለምንድን ነው የቀነሱብኝ?»

«ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያ ሌላው መልስ የት እንደገባ አላውቅም።

«አመሰግናለሁ» አለች፤ ተከራካሪ ጊዜው ሲያልቅበት እንደሚለው። ሻንጣዋ ከባድ ነበር። ልነሣና ላግዛት ስል መኪናው ዘንድ ደርሳ ነበር። እናቷ ከውስጥ በሩን ከፈተችላት። እናቷ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጄ ራሷን ነቀነቀች፤ ሄዱ።


ረቡዕ፣ 3

ዳይሬክተሩ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ከከረባት በቀር ሁሉም ትምህርት ቤቶች ምስጋና ልከዋል። እንዲህ የተደራጀ ውድድር አይተን አናውቅም ብለዋል። «የሚመጣው ዓመትም ያንተ ነው፤ አለቀ» አለኝ። አመሰገንኩ።

ጥቂት ደረጃ ከወጣ በኋላ ተመለሰ። «ልጅህስ? ከቅዳሜ ወዲህ አላየኋትም። እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው» አልኩ።

እናትና ልጅን ማለቴ መሰለው። «ሰላም በላቸው» ብሎኝ ወጣ።